ኢድ አርብ የዋለ ዓመት

እኔ በነበርኩበት ሥራ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ጉልበት ሲያልቅ ወይ ያሰናብቱሻል፣ ወይ ራስሽ ትሰናበቻለሽ። እኔ ራሴ ነኝ የተሰናበትኩት። ሪያድ፣ ሱወይዲ ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል አሥራ ስምንት ዓመት ሠርቼ፣ ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲለኝ ጓዜን ሸክፌ መጣሁ። አሁን ሰው «ምን ስትሠሪ ኖርሽ?» ሲለኝ «አንሶላ ሳጥፍ» እላለሁ። ይስቃሉ። እውነቱ ግን እሱ ነው።

ከዚያ ሁሉ ዓመት ደጋግሜ የማስበው የመጨረሻዎቹን ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2013 እስከ 2016 ያሉትን። አንሶላ ከማጠፍ አልፌ፣ ለሰው የዕረፍት ቀን መስጠትና መንሣት በእጄ የገባው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት እንደ ሁላችንም ሰው ቤት ነበር። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በአንድ ቤት አገለገልኩ። ክፉዎች አልነበሩም፤ በሩን ግን ከውጭ ይቆልፉት ነበር። ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ተመለስኩና በሌላ ቪዛ ወደ ሆስፒታሉ መጣሁ። የምንተኛው ዐዚዚያ ካለው የሠራተኛ መኖሪያ ነው፤ ሰከን እንለዋለን። ጠዋት አውቶቡስ ይወስደናል፣ ማታ ይመልሰናል። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን፤ ዘጠኛችን የወሎ ልጆች፣ የቀሩት ከኢንዶኔዥያና ከፊሊፒንስ።

የሆስፒታል የልብስ ክፍል አይቶ የማያውቅ ሰው ማጠቢያ ቤት ይመስለዋል። ማጠቡንማ ማሽኑ ያጥበዋል። የእኛ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው። ለቀዶ ጥገና የሚሄደው አረንጓዴ ጨርቅ ከሥሩ መብራት ባለው የመስተዋት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ከታየችበት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አይገባም። አስተጣጠፉም የራሱ ሕግ አለው። ነርሷ ጫፉን በሁለት ጣት ብቻ ይዛ ስትስበው፣ ሌላው ቦታ ሳይነካ ራሱ ተተርትሮ መከፈት አለበት። አንድ እጥፋት ከተሳሳተ ነርሷ እጇን ታስገባበታለች፤ ጨርቁም ተበላሸ ማለት ነው።

ይህን ያስተማሩኝ እማማ ሐሊማ ናቸው። የከሚሴ ሰው ናቸው፤ እኔ ስገባ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ማንበብ አያውቁም። አንሶላ ከትልቁ ካውያ ሲወጣ በጉንጫቸው ይነኩታል፤ «እጅ ሙቀት ለምዷል፣ ይዋሻል፤ ጉንጭ ግን እርጥበት አያመልጠውም» ይሉን ነበር። ጥፋት ያጠፋችውን አይቆጡም። ጎናቸው ያስቀምጧትና ያንኑ ጨርቅ አብረዋት ሃያ ጊዜ ያጥፋሉ፤ ሃያኛው ላይ «ኸላስ፣ አሁን እጅሽ አወቀው» ብለው ይነሣሉ። የእያንዳንዳችንን ዕረፍት በወረቀት ላይ በሥዕል ይይዙት ነበር። አርብ የምታርፈው ጨረቃ አላት፣ ቅዳሜ የምታርፈው ኮከብ። የማን እናት እንደታመመች፣ የማን ወንድም እንደሚያገባ በልባቸው ይዘውታል። ፈጽሞ ያዳሉ አይመስለኝም።

በ2013 ደከማቸውና አገራቸው ገቡ። የሥራ ሰዓት ወረቀቱን፣ እኛ ጀድወል የምንለውን፣ ለእኔ አስረከቡኝ። ሲያስረክቡኝ ካሉኝ አንዱ ይህ ነው፦

«ኢድ አርብ ከዋለ፣ አርቡን ኢድ በላው። ማንም ሁለት ጊዜ አያርፍም። በዚህ ላይ ለማንም እንዳትላሊ፤ ለአንዷ ከላላሽ ለሁሉም ነው።»

እንደ አስተጣጠፉ ሁሉ ተቀበልኩት። ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። በዚያው ዓመት የአገሩ የሳምንት ዕረፍት ከሐሙስና አርብ ወደ አርብና ቅዳሜ ዞረ፤ ጀድወሉን በሙሉ እንደገና ጻፍኩት። ዓመቱ ሳያልቅም ወረቀት የሌላቸው ወገኖቻችን ከየሰፈሩ ይታፈሱ ጀመር። እኛ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለን እንኳ ወደ ዲራ ገበያ መውጣት ፈርተን ሰከን ውስጥ ተኮማትረን ከረምን። በዚያ ጊዜ ስለ ዕረፍት ቀን ማን አፍ ይከፍታል? ሥራ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ «አልሐምዱሊላህ» ይላል።

ዘይነብ የገባችው ከዚያ በኋላ ነው። የሐይቅ አካባቢ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። እህቷ ሰዓዳ እዚያው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ከአንድ ማህፀን የወጡ፣ በአንድ ከተማ የሚኖሩ እህትማማች ናቸው፤ ግን ሰዓዳ ከአሠሪዎቿ ጋር ካልሆነ ከቤት ስለማትወጣ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። በስልክ ብቻ ነው።

በ2015 የረመዳን ኢድ አርብ ዋለ። ሆስፒታል አይዘጋምና ለሁለት ከፈልኳቸው፤ ግማሹ በኢዱ ይሠራል፣ ግማሹ ያርፋል። ዘይነብ የደረሳት ከሚያርፉት ወገን ነው። ከአርብ እስከ ሰኞ አራት ቀን አረፈች። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝና ማክሰኞን እንድሰጣት ለመነችኝ። የሰዓዳ መዳም ቤተሰብ እሷንም ይዞ ኢዱን መካ አሳልፎ ሰኞ ማታ ይመለሳል። ሰዓዳ ሮብ ንጋት ላይ በመጨረሻ መውጫ ቪዛ፣ ላትመለስ፣ አገሯ ትገባለች። መዳሟ ማክሰኞ ወደ ሰከናችን ልታመጣት ቃል ገብታላታለች። ያለቻቸው ያቺ አንዲት ቀን ብቻ ናት።

እንደማይሆን ነገርኳት። አራት ቀን ማረፏን፣ ተረኞቹ መድከማቸውን፣ ማክሰኞ የቀዶ ጥገናው ጨርቅ ተቆልሎ እንደሚጠብቀን ዘረዘርኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝና ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«እታለም፣ አርብ እኮ ድሮም ዕረፍቴ ነው። ኢዱ አራት ቀን ከሆነ፣ የኔ አርብ የት ገባ?»

«አርቡን ኢድ በላው» አልኳት። የብልህ አነጋገር ይመስል ረጋ ብዬ ነው ያልኩት።

«እሺ» ብላ ዘጋችው።

ማክሰኞ ሥራዋ ላይ ተገኘች። ማታ ሰከን ስንደርስ ዘበኛው በላስቲክ የተቋጠረ ዕቃ ሰጣት። አንዲት ሴት ከመዳሟ ጋር በመኪና መጥታ፣ ዘይነብን ጠይቃ፣ ሥራ ናት ስትባል አንድ ሰዓት ያህል ጠብቃ ሄደች አላት። ዘይነብ ቋጠሮውን አልፈታችውም። አቅፋው ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ እራቴን በላሁ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ እራቴን በልቼ በሰላም ተኛሁ።

ከአምስት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት ዘይነብ መብራቱ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ዝም ብላ ቆመች። ምን ሆንሽ ብላት ከወንድሟ መልእክት እንደመጣላት ነገረችኝ። ሰዓዳ ዓይኗ ጠፍቷል። ስኳር በሽታ ኖሮባታል፤ ሪያድ እያለች አንዱ ዓይኗ ደክሞ ሁለተኛውም ጀምሯት ነበር። መዳሟ ያሰናበተቻትም ለዚያ ነው። ለዘይነብ በስልክ አልነገረቻትም፤ ፊት ለፊት ልትነግራት ነበር ያሰበችው። ለወንድሟ ግን «ዓይኔ ሳይጨልም የዘይነብን ፊት ልየው ብዬ ነበር፤ አልሆነም» ብላዋለች።

እጄን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ያቺ ማክሰኞ ምን እንደነበረች ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዘይነብ አላለቀሰችም። ሌላው የከነከናት ነገር ሰዓዳ በስልክ መቀዝቀዟ ነበር፤ አገሯ ከገባች ወዲህ ሰላምታ ሰጥታ ወዲያው ትዘጋለች። ሕመሙ ነው ብላ አሰበች። እኔም ሕመሙ ነው አልኳት። ለራሴም ሥራ ሥራ ነው፣ ሕግ ሕግ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ አልኩት። በዚህ ተጽናንቼ ወደ አሥር ወር ኖርኩ።

በ2016 የሳዑዲ ብሔራዊ ቀን አርብ ላይ ወደቀ። ሰሞኑን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አዲስ ሰው ገብቶ ነበር፤ ዑስማን የሚባል ሱዳናዊ፣ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ። ጀድወሌን ይዞ ካውያው ድረስ መጣና በዓሉ በዕረፍታቸው ቀን ለዋለባቸው ሴቶች ምትኩን የት እንዳደረግኩት ጠየቀኝ።

«የምን ምትክ?» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ኪሱ ካለች ትንሽ መጽሐፍ አውጥቶ የሥራ ደንቡን አነበበልኝና ቀለል ባለ ዐረብኛ አስረዳኝ። በዓል በሳምንት ዕረፍት ላይ ከዋለ ሁለቱ ቀኖች አንድ አይሆኑም። ሠራተኛው ከበዓሉ በፊት ወይም በኋላ ሌላ ቀን ያገኛል።

«ለኢድም?» አልኩት።

«ለኢድም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ የዘይነብ ድምፅ ነበር፤ የኔ አርብ የት ገባ የሚለው። ጥያቄዋ ራሱ ሕጉ ነበር። ማንበብ ሳያስፈልጋት፣ ማንም ሳይነግራት፣ በአእምሮዋ ብቻ ደርሳበታለች። እኔ ደግሞ በአንድ ተረት ዘጋሁባት። የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ፤ ዘወር ስል አንሶላው ካውያው ሥር ቡናማ ሆኗል። አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ ያቃጠልኩት እሱን ብቻ ነው።

ለእማማ ሐሊማ ደወልኩላቸው። ሳልቆጣ ነው የነገርኳቸው፤ ቁጣ ቢኖረኝም በሳቸው ላይ የማነሣበት አፍ የለኝም። እሳቸውንም ያስተማረቻቸው ከሳቸው በፊት የነበረች አንዲት ሴት እንደሆነች ነገሩኝ። ቀጥለው «ስንቷን ልጅ መለስኩ፣ ከድጃ? ስንቷን?» አሉኝ። እያለቀሱ ስልኩ ተቋረጠ።

በማግስቱ አሮጌ ጀድወሎቼን አንድ በአንድ ገልጬ፣ በኔ እጅ ቀናቸው የተበላባቸውን ሴቶች ስም ጻፍኩ። ከዑስማን ጋር ሥራ አስኪያጁ፣ ሙዲሩ፣ ዘንድ ገባን። ሙዲሩ የአገሩ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ግን ፊቱ ማንም ደፍሮ አይቆምም። ይጮኽብኛል፣ ኢቃማዬን ያነሣብኛል ብዬ እየፈራሁ ነው የገባሁት። ወረቀቱን አነበበ። ዑስማንን አንድ ነገር ጠየቀው። ከዚያ እስክሪብቶ አንሥቶ ፈረመና ለያንዳንዷ ቀኗን እንድሰጥ አዘዘኝ። ሻይ እንኳ ለመጠጣት የማይበቃ ጊዜ ነው የፈጀው።

ብደሰት ይሻል ነበር፤ እኔ ግን ቀድሞ ከደነገጥኩት የባሰ ደነገጥኩ። እንዲህ ቀላል ከነበረ!

«ሙዲር፣ ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁንም?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለኝ። «ጀድወሉን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። በየወሩ ትልኪልኛለሽ፣ እኔ እፈርማለሁ።»

ሊያሳፍረኝ ብሎ አይደለም። እንዲሁ ያለውን ነው የተናገረው። እሱም ማወቅ ነበረበት፤ ግዴታው ነው። ግን ከቢሮው ስወጣ የእሱን ጥፋት የማስብበት ልብ አልነበረኝም። አሥራ ስምንት ዓመት ተቆልፏል ብዬ ያለፍኩት በር፣ ዛሬ ብገፋው ተከፈተ። ሌሎቹም እንዳይገፉት በሩ ላይ የቆምኩት ራሴ ነኝ።

ዘይነብን ብቻዋን ጠራኋት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሕጉን፣ ጀድወሉን፣ የሙዲሩን ፊርማ። እያዳመጠችኝ እጇ ማጠፉን አላቆመም። አራት ጨርቅ አጠፈች። አምስተኛውን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ያቺ ማክሰኞ የኔ ነበረች» አለች።

«ያንቺ ነበረች።»

«አንቺ ነሽ የወሰድሽብኝ።»

ከዚያ ቀን በፊት አንቺ ብላኝ አታውቅም። ሁልጊዜ እርስዎ ነበር የምትለኝ። ብትመታኝ እንደሱ አልደነግጥም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የተመለሰላትን ቀን ከዓመት ፈቃዷ ጋር አስደምራ አገሯ ልትገባ ወረቀት ያስገባችው በዚያው ሳምንት ነው። የኔም ጉልበት ነገሩን ከጨረሰው ቆይቶ ነበርና መሰናበቻዬን አስገባሁ። የመጨረሻ ሥራዬ ከበዓል ቀኖች ጎን ምትካቸውን ጽፌ፣ በአማርኛና በዐረብኛ ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነበር። ዘይነብ ቆማ አነበበችው።

የወጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው። አዲስ አበባ ስንደርስ እህቷ ዘንድ አብሬያት መሄድ እንደምፈልግ ነገርኳት። ብዙ አሰበችና «ይምጡ» አለችኝ።

ቤታቸው ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ሰዓዳ መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የዘይነብን የእግር ድምፅ ስትሰማ ቀጥ አለች፣ ግን አልተነሣችም። ዘይነብ ሄዳ እግሯ ሥር ተንበረከከች። ሰዓዳ በሁለት እጇ ፊቷን ዳሰሰችው፤ ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን። በመጨረሻ «ከስተሻል» አለቻት። ያችው ናት ሰላምታዋ። እጇንም ቶሎ ሰበሰበች። ቅዝቃዜው ሕመም እንዳልሆነ ያኔ አየሁ።

ሰላም ተባብለን ከተቀመጥን በኋላ ማን እንደሆንኩ ተናገርኩ። ያን ማክሰኞ እህቷ ቀን ስትለምን የከለከልኳት እኔ እንደሆንኩ፣ ቀኑ የሷ እንደነበረ፣ አለማወቄም ምክንያት እንደማይሆነኝ ነገርኳት። «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

ሰዓዳ ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«እርስዎ ነዎት የከለከሏት?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምናዎት ነበር?»

«አዎ፣ ለምናኝ ነበር።»

ነገሩን እንዲህ አወጣችው። መዳሟ የምትሠራው በአንድ ኩባንያ የሴቶች ክፍል ውስጥ ነበር። ከመካ ሲመለሱ መኪናው ውስጥ «ኢድ አርብ ስለዋለ ነገ ምትክ ቀን አለኝ። እህትሽም ተቀጣሪ ናት፤ ሕግ ስለሆነ እሷም ቤቷ ናት፣ ነገ እወስድሻለሁ» ብላታለች። ሰከኑ በር ላይ ዘበኛው ሥራ ናት ሲላቸው መዳሟ አላመነችም። «ዛሬ የሚያሠራት የለም፤ መውጣት ሳትፈልግ ቀርታ ነው» አለቻት። ማታ ዘይነብ ደውላ ከልክለውኝ ነው ስትል፣ ሰዓዳ በልቧ ውሸቷን ነው ብላ ስልኩን ዘጋችው። ዘይነብን መጀመሪያ ወደ ዐረብ አገር የጠራቻት ሰዓዳ ራሷ ነበረችና፣ በዚያ ቂም ይዛብኝ ነው ብላ አሰበች። የደከመ ዓይኗን ይዛ አውሮፕላን ውስጥ ይህንኑ እያብሰለሰለች መጣች። ዓይኗ ከጠፋም በኋላ ይህንኑ ስታስብ ኖረች።

ዘይነብ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። የነሣኋቸው አንድ ቀን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሰዓዳ እጇን በአየር ላይ ዘርግታ እህቷን ፈለገቻት። ስታገኛት አንገቷን አቅፋ ወደ ደረቷ ሳበቻት። «ለምነሽ ነበር? አላመንኩሽም እኮ፣ ዘይኑ። አላመንኩሽም። አውፍ በይኝ» አለቻት። አውፍ ልባል የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ ምንም ያላጠፉት ሁለቱ ግን አውፍ ይባባላሉ። ከዚያ በኋላ ያለቀሱትን አልጽፈውም።

ዝም ሲሉ ለመሄድ ተነሣሁ። ሰዓዳ የነጠላዬን ድምፅ ሰምታ ቀና አለች።

«አላህ አውፍ ይበልዎ» አለችኝ። «እኔ ግን ጥቂት ቀን ይስጡኝ።»

«የፈለግሽውን ያህል፣ ልጄ» አልኳትና ወጣሁ።